እምቢ ያለው ሁለተኛ ማርሽ

ገብረ ዮሐንስ ሊፈታው የተነሣው ችግር በአጭሩ ይነገራል፤ ጠዋት ከጋሸና ወደ ላሊበላ ቁልቁል ሲወርድ ሁለተኛ ማርሽ አይገባለትም።

መኪና ለማይነዳ ሰው ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ካሉት አምስት ማርሾች አንዱ ቢያስቸግር ምን ይሆናል ያሰኛል። ግን ረጅም ቁልቁለት የሚወረደው በፍሬን ብቻ አይደለም። ፍሬን ብዙ ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ሾፌር ቁልቁለቱ ሳይጠናበት ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ ለመኪናዋ ልጓም ይሆናታል። ከሦስተኛ አውጥቶ ሁለተኛ አልገባም ካለው ግን መኪናዋ መሃል ላይ፣ ዜሮ ላይ ትቀራለች። ልጓሟ ወለቀ ማለት ነው።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሁለተኛ ቅዳሜ የሆነው ይኸው ነው። ገብረ ዮሐንስ አሮጌ ሚኒባሱን ጭኖ ከጋሸና የተነሣው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። በውስጥ አሥራ አንድ ሰው፣ በጣሪያ ላይ የገበያ ጆንያ። ከደጋው አፋፍ ጀምሮ ሰባት ኩርባ አለ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ማርሹን ከሦስተኛ አወጣና ወደ ሁለተኛ ሳበው። አልገባም። ደግሞ ሳበው። እንጨት ከድንጋይ ጋር የሚታገል ይመስል ነበር። መኪናዋ መፍጠን ጀመረች።

አጠገቡ ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ፍቅርአዲስ ነበረች፤ ዘወትር ቅዳሜ ድንች ወደ ላሊበላ ገበያ የምታወርድ፣ ከዚያች ወንበር ሌላ ቦታ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት። ሁሉንም ነገር ያየችው እሷ ናት። እጁን አየች፤ የማርሹን ዘንግ አየች፤ መንገዱን አየች።

«አቁም እንጂ» አለች ቀስ ብላ።

«ማቆሜ ነው፣ እታለም።»

ፍሬኑን እየረገጠ መኪናዋን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጥግ አስጠጋት። ጎኗ አፈሩን እየፋቀ ሄዳ ሄዳ ቆመች። የተቃጠለ ፍሬን ሸተተ። ማንም አልተጎዳም። አንድ ጆንያ ከጣሪያው ወድቆ ተቀደደና ድንቹ በኩርባው ቁልቁል ተንከባለለ።

«ይሄስ ቀድሞን ላሊበላ ሊገባ ነው» አለ ከኋላ አንድ ሰው። የሳቀለት የለም።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ዕቃቸውን አወረዱ፤ በእግራቸው ቁልቁል ሄዱ። ፍቅርአዲስ ከድንቿ የተገኘውን በነጠላዋ ለቅማ መጨረሻ ቀረች።

«አልተቀየምኩህም፣ የኔታ» አለችው። «ግን ከእንግዲህ አልሳፈርም። ልጆች አሉኝ።»

«የኔታ» የመናኸሪያው ሰዎች ያወጡለት ስም ነው። ስሙ የፌዝም የእውነትም ነው። አባቱ በነአኩቶ ለአብ ደብር ያገለገሉ መሪጌታ ነበሩ፤ እሱንም በሰባት ዓመቱ ዜማ ቤት አስገብተውት እስከ ጾመ ድጓ ዘልቋል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ መኪና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለካህናቱ የጠፋ ልጅ ነው፤ ለሾፌሮቹ ደግሞ መንገድ የሳተ ካህን። አሁን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። አግብቶ ነበር፤ ልጅ ሳይወልዱ ሚስቱ ወደ ዘመዶቿ ወልዲያ ተመልሳ ሄደች። ከመናኸሪያው ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ያድራል። ረዳት የለውም፤ በሩን ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው ይዘጉታል።

ስለዚህ ቤተሰቡ ተሳፋሪዎቹ ነበሩ። ወሬውን የሚያገኘው ከኋላው ነው። የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ልጅ እንደታጨች፣ የትኛው ቄስ ከየትኛው ቄስ ጋር እንደተኮራረፈ፣ ሁሉንም ጀርባውን ሰጥቶ ይሰማል። አብዛኞቹን በፊታቸው ሳይሆን በድምፃቸው ነው የሚያውቃቸው። እሱ ብዙም አይናገርም። ላሊበላ ደርሰው ሲወርዱ «እግዜር ይስጥልን» ይሉታል፤ እሱም «አሜን» ይላል። ለአንድ ቀን ይበቃው ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ይህ ቀረ። ሰኞ ተራው ደርሶ መኪናውን አቀረበ። የተራ አስከባሪው ደሳለ እንደ ወትሮው «ላሊበላ፣ ላሊበላ» ብሎ ተጣራ። ሰው መጣ፤ የመኪናዋን የተፋቀ ጎን አየ፤ አልፎ ቀጣይዋ መኪና ውስጥ ገባ። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ረቡዕ ደሳለ መስኮቱ ላይ ተደግፎ «እኔ ሰው ጎትቼ አላስገባልህም፣ የኔታ። ምን ላድርግ?» አለው።

«ምንም። ማርሹን አበጀዋለሁ።»

«አብጀው። ግን እነሱ መበጀቱን በምን ያውቃሉ?»

 ገብረ ዮሐንስ ከፊተኛው፣ ከማርሹ ጀመረ።

ወልዲያ ላለ መካኒክ ደወለ። መካኒኩ ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ «ካምቢዮው መውረድ አለበት» አለ። ካምቢዮ ማርሾቹ ሁሉ ያሉበት የብረት ሣጥን ነው፤ ከሞተሩ ኋላ ተገጥሞ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ይገኛል። ለማውረድ፣ ለመፍታት፣ ዕቃ እስኪገኝ ለመጠበቅ ሁለት ወር ይፈጃል ተባለ። ገብረ ዮሐንስ አመሰግናለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ነገር ነበር። ማርሽ የሚያስቸግርበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ሳይለዩ ሣጥኑን መፍታት ደግሞ የታመመውን ሰው «የት ያምሃል» ሳይሉ እንደመቅደድ ነው።

እንዴት እንደለየው ማየት ደስ ይላል፤ ምክንያቱም አንዲት መሣሪያ አልያዘም።

መጀመሪያ ሞተሩን አጠፋና ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገባ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ እስከ አምስተኛ፤ ከዚያ የኋላ ማርሽ። ሁሉም ያለ ትግል ገቡ። ስለዚህ ከዘንጉ ወደ ሣጥኑ የሚሄደው ማገናኛ አልታጠፈም፤ አልደረቀም። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሣ፤ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሦስት ቆጠረና የኋላ ማርሽ አስገባ። ፍሪሲዮን ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያላቅቅ ነገር ነው፤ በደንብ ካላላቀቀ የኋላ ማርሽ ሲገባ ይንጫጫል። አልተንጫጫም። ፍሪሲዮኑም ነጻ ወጣ።

ሦስተኛው ፈተና ጊዜ ጠየቀ። ስምንት ቀን ሙሉ ባዶ መኪናውን እየነዳ፣ ሁለተኛ ማርሽ የት ላይ እንዴት እንደገባ በደብተር ጻፈ። ቁልቁለቱን ሁሌም ከአፋፉ ላይ ቆሞ በአንደኛ ማርሽ ጀምሮ ይወርዳል፤ ሁለተኛውን የሚሞክረው ሜዳ ሲያገኝ ብቻ ነው። በስምንቱ ቀን መጨረሻ ደብተሩ አንድ ነገር ተናገረ። ከጋሸና ሲነሣ፣ ውርጩ ገና መስተዋቱ ላይ እያለ፣ ማርሹ ድንጋይ ነው። ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ፣ ሹምሸሃ ሜዳ ላይ፣ ይላላል። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ምንም የለበትም። የተሰበረ ብረት ጠዋት ተሰብሮ ከሰዓት በኋላ አይድንም። ከብርድና ከሙቀት ጋር ጠባዩን የሚለውጥ አንድ ነገር ብቻ ነው እዚያ ሣጥን ውስጥ ያለው፤ እሱም ዘይቱ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ሣጥኑ ውስጥ ትንሽ መመልከት ያስፈልጋል። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ አንድ የሚሽከረከር ብረት ከሌላ የሚሽከረከር ብረት ጋር ጥርስ ለጥርስ መያያዝ አለበት። ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት ከዞሩ ጥርሶቹ ይጋጫሉ እንጂ አይገጥሙም። በማኅሌት ላይ ዘግይቶ የመጣ ደብተራ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ወዲያው አይጮኽም፤ መጀመሪያ በመቋሚያው የሌሎቹን ምት ይይዛል፣ ከዚያ ድምፁን ያስገባል። ካምቢዮ ውስጥም ይህን የምታደርግ ቀለበት አለች። ከነሐስ የተሠራች ናት። ጥርሶቹ ከመነካካታቸው በፊት ቀለበቷ ሄዳ የሚሽከረከረውን ብረት ትይዛለች፤ እየፈተገች ፍጥነቱን ታስተካክላለች፤ እኩል ሲዞሩ ጥርሶቹ ይገጥማሉ። ይህ ሁሉ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል።

እንግዲህ ቀለበቷ እንድትይዝ ዘይቱን ከመሃል ጠርጋ ማውጣት አለባት። ዘይቱ ከቀዘቀዘና ከወፈረ አይጠረግም። ቅቤ የነካው እጅ ዱላ አጥብቆ እንደማይዝ ሁሉ፣ ቀለበቷም ብረቱ ላይ ትንሸራተታለች፤ ፍጥነቱ አይስተካከልም፤ ማርሹም አይገባም። ሾፌሩ ክንዱ ላይ የሚሰማው ድንጋይ ይኸው ነው።

ገብረ ዮሐንስ ይህን ሁሉ ያወቀው ሳሊሕ ዘንድ ሄዶ ነው። ሳሊሕ በጋሸና መገንጠያ ዘይትና ጎማ የሚሸጥ፣ ቆርቆሮ ሁሉ ላይ የተጻፈውን አንብቦ የጨረሰ ሰው ነው።

«መጣህ፣ የኔታ? ዘይት ነው ወይስ ቅኔ የቸገረህ?»

«ዘይት ነው። ግን መጀመሪያ ጥያቄ አለኝ።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ። አንተ ሳትጠይቅ ውሃ አትጠጣም።»

ገብረ ዮሐንስ ደብተሩን አሳየው። ሳሊሕ መነጽሩን አድርጎ ስምንቱንም ቀን አነበበና ቀና አለ።

«ካምቢዮህ ላይ ምን ዘይት ነው ያለው?»

«መቶ አርባ ቁጥር፣ ወፍራሙ።»

«መቶ አርባ? ለሚኒባስ? ወላሂ፣ እንዲያው ሬንጅ ብትጨምርበት ይሻል ነበር። ማነው ይህን ያለህ?»

«አያ ምናለ።»

ሳሊሕ መነጽሩን አወለቀ። አያ ምናለን መንገዱ ሁሉ ያውቃቸው ነበር። ከዜማ ቤት የወጣውን ልጅ ተቀብለው መንዳት ያስተማሩት፣ ቤታቸው ያሳደሩት፣ ከአራት ዓመት በፊት ያረፉ አሮጌ ሾፌር ናቸው።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለ ሳሊሕ። «ደግ ሰው ነበሩ። የሚነዱት ምን ነበር?»

«እህል የሚጭን ከባድ መኪና።»

«መቶ አርባውን የቱ ላይ ነበር የሚጨምሩት?»

ገብረ ዮሐንስ አሰበ። አያ ምናለ ከመኪናቸው ኋላ ተንበርክከው፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል ያለውን ድቡልቡል ብረት ሲሞሉ ታየው።

«ዲፈረንሻሉ ላይ።»

«ላንተስ የቱ ላይ ጨምር አሉህ?»

«‹ለዳገት ወፍራም ነው› አሉኝ። የቱ ላይ ብዬ አልጠየቅሁም።»

«አንተ? ሳትጠይቅ?»

ሳሊሕ ሊያሾፍ ፈልጎ ነበር፤ የሰውየውን ፊት አይቶ ተወው።

ነገሩ ሌላ ሰው ላይ አይደርስም ይሆናል። ሌላ ልጅ «የቱ ላይ? ለምን?» ይል ነበር። በዜማ ቤት ግን መምህሩ ያሉትን ተቀብሎ፣ ደግሞ፣ ደጋግሞ መያዝ ነው ትምህርቱ። አንዲት ድምፅ ሳትጨምር ሳትቀንስ እንደሰማሃት ትመልሳለህ። ገብረ ዮሐንስ ሌላውን ሰው ሁሉ በጥያቄ ያደክማል፤ መምህሩን ግን አይጠይቅም። አያ ምናለ ደግሞ ሁለተኛ መምህሩ ነበሩ። የራሱን መኪና ካገኘ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት፣ ዘይት በቀየረ ቁጥር፣ የሰማትን ቃል እንደሰማት መለሰ። ቃሏ እውነት ነበረች። ያለ ቦታዋ መግባቷ ነው ጥፋቱ።

ሳሊሕ ከመደርደሪያው አንድ ቆርቆሮ አወረደ። «ሰባ አምስት ደብልዩ ዘጠና» የሚል ተጽፎበታል። ቁጥሩ የሚነበበው እንዲህ ነው፤ ደብልዩ ያለችበት የመጀመሪያው ቁጥር የብርዱ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ዘይቱ በውርጭ ጊዜ ይበልጥ ይፈሳል። ሁለተኛው የሙቀቱ ነው፤ መኪናዋ ስትሞቅ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ይናገራል። ከሥሩ ደግሞ «ጂኤል አራት» የሚል አለ።

«ይችን እይ» አለ ሳሊሕ በጣቱ እየመታ። «አራት የምትለውን ነው የምትፈልገው። ያንተ መቶ አርባው ግን ‹አምስት› የሚል ነው። አምስቱ ውስጥ ድኝ የበዛበት ነገር አለ፤ ለዲፈረንሻል ጥሩ ነው፤ ነሐስ ግን ሊበላ ይችላል።»

«የቀለበቷን ነሐስ?»

«የቀለበቷን። ስንት እንደበላላት አላህ ያውቃል። አብሽር፣ ስትከፍተው ታየዋለህ።»

ገብረ ዮሐንስ ያም ሆኖ በዓይኑ ማየት ፈለገ። ከሁለቱም ዘይት በብርጭቆ ጥቂት ጥቂት ቀዳና ማታ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ገባ። ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ሁለቱንም አዘነበላቸው። አዲሱ ወዲያው ወደ ብርጭቆው አፍ ሮጠ። መቶ አርባው ቆየ፤ እንደ ክረምት ማር ተሰብስቦ፣ አስቦ አስቦ ነው የተንቀሳቀሰው።  ይህን ለአንድ ሰው ማሳየት ነበረበት። ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም።

ሥራውን የጀመረው ማክሰኞ ነው። መኪናዋን መጀመሪያ አንድ ሰዓት ያህል ነዳት፤ ዘይት ሲሞቅ ነው ቆሻሻውን ይዞ በደንብ የሚፈሰው። ከዚያ ከመናኸሪያው ጀርባ ደልዳላ ቦታ ላይ አቆማት፤ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈና ከሥር ገባ። ካምቢዮው ላይ ሁለት ብሎኖች አሉ። አንዱ ከታች ነው፣ ማፍሰሻ። አንዱ ከጎን ከፍ ብሎ ነው፣ መሙያ። እጁ ወደ ታችኛው ሄደ፤ ከዚያ ተመለሰ። ታችኛውን ከፍቶ ካፈሰሰ በኋላ የላይኛው እምቢ ቢለውስ? ዘይት የሌላት፣ ዘይት የማትቀበል መኪና ይዞ ሊቀር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመሙያው መከፈት አለበት። ይህን ማንም አልነገረውም፤ ራሱ ደረሰበት፤ ከዚያ ቀን ሁሉ ይበልጥ የሚኮራውም በዚህ ነው።

ፍርሃቱም ልክ ነበር። የመሙያው ብሎን ካለፈው ቅያሪ ወዲህ ጭቃና ጠጠር ጠጥቶ ተጣብቆ ነበር። በሽቦ ብሩሽ ጠረገው፤ በዘይት አራሰው፤ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ አጥልቆ ተንጠለጠለበት። ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ሲላቀቅ በተኛበት ሳቀ።

ከዚያ የታችኛውን ከፈተ። ዘይቱ ጥቁር ሆኖ ወረደ፤ አንድ ፓኮ ክብሪት አንድ ላይ የተጫረ ይመስል ድኝ ድኝ ሸተተ። የማፍሰሻው ብሎን ጫፍ ማግኔት አለው፤ ከብረቱ የሚረግፈውን ዱቄት ይሰበስባል። እዚያ ላይ ግራጫ ጭቃ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ስባሪ ካለ ግን ጉዳዩ የወልዲያው መካኒክ ነው። በጣቱ ፈተገው። ስባሪ የለም። ቀጥሎ የፈሰሰውን ዘይት መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ፀሐይ አዞረው። ማግኔት ነሐስ አይስብም፤ ነሐስ ካለ የሚገኘው ዘይቱ ውስጥ ነው። ወርቅ የመሰለ ብናኝ ያብለጨልጭ ነበር።

ቀለበቷ ናት። እያንዳንዱ ብናኝ «ለዳገት ወፍራም» ባለ ቁጥር የተፋቀ ነው። ገብረ ዮሐንስ መዳፉን እያየ ስለ አያ ምናለ አሰበ። ቢኖሩ ኖሮ ዘይቱን ይዞ ቤታቸው ይሄድ ነበር። «አያ፣ የቱ ላይ ማለትዎ ነበር?» ይላቸው ነበር። እሳቸውም ይቆጡ፣ ከዚያ ይስቁ ነበር። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መምህሩን ሊጠይቅ የፈለገው ያን ቀን ነው፤ የሚጠይቀው ግን አልነበረም።

አሮጌውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅሞ ለጎረቤቱ ሰጠ፤ የቤት ቋሚ ምስጥ እንዳይበላው ይቀባበታል። የታችኛውን ብሎን ጠርጎ ዘጋው። የአንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጥ ቆርጦ ማንቆርቆሪያ አደረገና በቀጭን የውሃ ጎማ አዲሱን ዘይት ቀስ ብሎ አወረደ። ሁለት ሊትር ከሩብ ያህል ሲገባ ከመሙያው ቀዳዳ ጠብ ማለት ጀመረ። ሞልቷል ማለት ነው። ትርፉ ወርዶ እስኪያልቅ ጠብቆ ዘጋው።

በነጋታው ውርጩን ከመስተዋቱ ፍቆ ወጣ። ከአፋፉ በፊት ባለው ሜዳ ላይ ሦስተኛ አስገባ፤ ከዚያ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ሳበው። ክንዱ ለድሮው ድንጋይ የሚሆን ኃይል አዘጋጅቶ ስለነበር፣ ማርሹ ሲገባ ክርኑ ወንበሩን መታ። ሁለተኛ ማርሽ ገብቷል። አውጥቶ ደግሞ አስገባው። አሥር ጊዜ ያህል አስገባው።

«አያችሁ?» አለ ወደ ኋላ ዞሮ።

ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ።

የደሳለ ጥያቄ የመጣበት ያኔ ነው። ማርሹ ተበጅቷል፤ መበጀቱን ግን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ባዶ መኪና ደግሞ ለራሱም ማስረጃ አይሆንም፤ ጭነት ያለበት ቁልቁለት ሌላ ነው። አሸዋ በጆንያ ሞላና ለአንድ ሰው አንድ ጆንያ አድርጎ ወንበሮቹ ላይ አስቀመጠ፤ አሥራ አንድ ጆንያ። በመናኸሪያው ሲያልፍ ደሳለ አየው።

«የኔታ፣ ዛሬስ ሞላልህ።»

«ሞላልኝ።»

«ዝምተኞች ናቸው። ወራጅ አለ የሚልህ የለም?»

«ላሊበላ ድረስ ናቸው ሁሉም።»

ሰዉ ሳቀ። ገብረ ዮሐንስም ፈገግ አለ፤ ሄደ። ሰባቱን ኩርባ በሁለተኛ ማርሽ ወረደ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የተፋቀው አፈር አሁንም ይታያል። በሚቀጥለው ቀን ደገመው። ሦስት ሳምንት እንዲህ አሸዋ አመላለሰ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ዘይቱን አንድ ጊዜ እንደገና አፍስሶ ሞላ፤ የአሮጌው ቅሪት በሣጥኑ ጥጋጥግ ስለሚቀር ነው። ሁለተኛው ዘይት ንጹሕ ሆኖ ወረደ፤ ብናኙ በጣም ጥቂት ነበር። ቀለበቷ አልዳነችም፤ የተበላው አይመለስም። መበላቷ ግን ቆሟል።

የመጀመሪያዋ የመጣችው ፍቅርአዲስ ናት፤ አመጣጧ ግን እሱ እንዳሰበው አይደለም። ዐቢይ ጾም ገብቶ ድንች ተፈላጊ ሆኖ ነበር። ስድስት ጆንያ ይዛ ብትመጣ ተራ የያዘው መኪና ጣሪያው ሞልቷል። ወደ ገብረ ዮሐንስ መኪና መጣች።

«አሸዋህን አውርደህ ድንቼን ጫንልኝ» አለችው።

«እሺ። አንቺስ?»

«እኔ በዚያኛው እሄዳለሁ።»

«ድንቹን ታምኚኛለሽ?»

«ድንች ይቀቀላል፣ ይላጣል፤ ምን ይሆናል? እኔ ነኝ የማልቀቀለው።»

ደሳለ እስኪያስለው ሳቀ። ገብረ ዮሐንስ ጆንያዎቹን ተሸክሞ ጫነ። የፊት ወንበሩ ላይ ግን ምንም አላስቀመጠም። ላሊበላ ሲደርስ ገበያው ዳር ቆሞ ጠበቃት። መጣች፤ ጆንያዎቹን ቆጠረች፤ አንዱንም የተቀደደ አላገኘችም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ከስንት ሳምንት በኋላ የሰማው የመጀመሪያው ነው፤ «አሜን» አላት።

ማታውን ደሳለ አንድ ነገር ነገረው። «ሰዉ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ‹ያን ቀን ከፊት ሆና ያየችው ፍቅርአዲስ ናት፤ እሷ ከገባች እንገባለን› ነው የሚሉት። እሷን አስገባ።»

«አልገባም አለች እኮ።»

«እንግዲህ የኔታ አንተ ነህ። አስተምራት።»

ገብረ ዮሐንስ ሌሊቱን አሰበበት። ማስተማር አልፈለገም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድንቹን ሲጭን አንድ ሐሳብ ብቻ አቀረበ።

«እታለም፣ እስከ አፋፉ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። እስከዚያ ተሳፈሪ። አፋፉ ላይ አቆማለሁ፤ ውረጂና በእግርሽ ነይ። እኔ ከሰባተኛው ኩርባ ሥር እጠብቅሻለሁ።»

«ገበያው እስኪያልፍብኝ?»

«ማልደን እንነሣለን።»

መኪናዋን አየች፤ እሱን አየች። «አፋፉ ድረስ ብቻ» አለች።

እንዳለውም አደረገ። አፋፉ ላይ አቆመ፤ ወረደች፤ እሱ ብቻውን ሰባቱን ኩርባ ወርዶ ሞተሩን አጠፋና ጠበቀ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ በአቋራጩ ስትመጣ ታየችው፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ። ወጣችና ተቀመጠች። ስለ ማርሹ አንድም ቃል አልተናገሩም። ስለ ድንች በሽታ ነገረችው፤ እሱም ሰማ።

በሁለተኛው ቅዳሜ አፋፉ ላይ ሲያቆም «የመጀመሪያው ምንም አይልም፤ ሰፊ ነው» አለችና ከአንደኛው ኩርባ በኋላ ወረደች። በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለተኛውንም አለፈች፤ በጉልበቷ መሃል ሁለት እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን ከማርሹ ዘንግ ላይ ሳትነቅል። ገብረ ዮሐንስም እያንዳንዱን ኩርባ ከመድረሱ በፊት እንድታይ አድርጎ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ይቀንሳል። ሳይቸኩል። በሁለት ጣት።

ዛሬ አራተኛው ቅዳሜ ነው። ከፊታቸው ያለው ሦስተኛው ኩርባ፣ ያን ቀን ማርሹ እምቢ ያለበት ነው። ምን እንደምታደርግ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም። ገብረ ዮሐንስ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ቀነሰ፤ ገባ። ከኩርባው አፍ ላይ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ መኪናዋን ቀስ አድርጎ አቆማት፤ እጇ በሩ ላይ መሆኑን እያየ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መንገዱን እየተመለከተ ይጠብቃል።